ደም ሲመሰክር፦ ከጎልቦ ሜዳ የተጻፈ

ከሞያሌ ከተማ በኬንያው ወገን ወጥቶ ቁልቁለቱን የወረደ መንገደኛ፣ የከተማው ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ከጀርባው እየቀረ፣ ከፊቱ ግራርና ቁጥቋጦ እዚህም እዚያም የበቀለበት፣ ጠርዙ ከሰማይ ጋር የተጋጠመ ሜዳ ይቀበለዋል፤ ቦረኖች ይህን ቆላ ጎልቦ ይሉታል። ገና ጎሕ ሲቀድ በዚህ ሜዳ ላይ ካለ አንድ የእሾህ አጥር ደርሼ፣ ባለግመሉ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ሲያልቡ ቆሜ ተመለከትሁ። ግመል እንደ ላም ቁጢጥ ተብላ አትታለብም፤ አላቢው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የሁለተኛውን እግር መርገጫ በቆመው እግር ጉልበት ላይ አሳርፎ፣ የወተቱን ዕቃ በተነሣው ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ ራሱን ወደ እንስሳይቱ ጎን አዘንብሎ ያልባታል። ከዚያ በፊት ግን ግልገሉ ይለቀቅና ጡቱን ጥቂት ጊዜ ሳብ ሳብ ሲያደርግ እናቲቱ ወተቷን ታወርዳለች፤ ያን ጊዜ ልጁ የግልገሉን አንገት አቅፎ ወደ ጎን ይስበዋል፤ ግልገሉም ተቈጥቶ ሲያነጥስ የአፍንጫው ርጥበት በልጁ ፊትና እጅ ላይ ይረጫል። ልጁ በክንዱ ጠረግ አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ይህችን ትንሽ ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስባታለሁና።

አልበው ሲጨርሱ ሽማግሌው አረፋ የደፈቀውን ወተት፣ በጢስ በታጠነውና ከሥር በተጎነጎነው፣ ጎርፋ በሚሉት ዕቃ ቀድተው ዘረጉልኝና፣ በሞያሌ ገበያ በለመዱት አማርኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንተ ፊደል የቈጠርህ ሰው ነህና ይህን ፍታልኝ። ደም የሚወስዱ ሰዎች በዚህ አገር ይመላለሳሉ። በሬዲዮ ደግሞ፣ ከመቶው ግመል ዘጠናው ያ የዐረብ አገር በሽታ በደሙ አለበት ሲሉ ሰማሁ። እኔ ከግመል ጋር ተወልጄ ከግመል ጋር ያረጀሁ ነኝ፤ ዘጠናው ቢታመምብኝ አላውቅም ነበር? እንግዲህ የዋሸው ደሙ ነው ወይስ ሰዎቹ?»

«አባቴ፣ ከሁለቱም አንዱ አልዋሸም» ብዬ ብመልስላቸው በቃ ባሉኝ ነበር፤ ነገር ግን መልሱ አጭር ሲሆን ጥርጣሬን ይተክላል እንጂ አይነቅልም፤ ስለዚህ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጬ ከሥሩ ጀመርሁ። ለእርሳቸው በቃል ያልሁትን እነሆ ለአንባቢ በጽሕፈት ሰፋ አድርጌ አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከዚህ ሜዳ እጅግ ርቆ ነው። በ2012 በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በጂዳ ከተማ፣ ሳንባው ተቃጥሎ በሞተ አንድ በሽተኛ አክታ ውስጥ ዓሊ መሐመድ ዘኪ የተባሉ ግብፃዊ የቫይረስ ሊቅ እስከዚያን ቀን በመዝገብ ያልሰፈረ የኮሮና ቫይረስ አገኙ። ደዌው በኋላ «የመካከለኛው ምሥራቅ የመተንፈሻ አካል ሕመም»፣ ባጭሩ መርስ ተባለ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከ2,600 በላይ ሰዎችን እንደያዘና ከተያዙት መካከል ከመቶው ሠላሳ ስድስት ያህሉን እንደገደለ የዓለም ጤና ድርጅት መዝግቧል። ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ ትልቁን ፍንጭ የሰጠው በሽተኛ አልነበረም፤ የግመል ደም ነው። በ2013 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በኦማን የሚገኙ የ50 ግመሎችን ደም ቢመረምሩ ሃምሳውም ይህን ቫይረስ ያውቁት ኖረዋል፤ አንዲቱም እንኳ ከማስረጃው አላመለጠችም። ወዲያው ጠቢባኑ ዓይናቸውን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መለሱ፤ ወደ ዐረብ አገር የሚገባው ግመል ብዙው ከአፍሪካ ቀንድ በመርከብ የሚሻገር ነውና።

እዚህ ላይ ስለ ሞያሌ አንድ ቃል ልበል። ሞያሌ በሁለት መንግሥታት መካከል የተከፈለች አንዲት ከተማ ናት፤ ብርና ሽልንግ በአንድ ኪስ ያድራሉ፣ ቦረንኛና ስዋሂሊ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ የሻይ ቤት ይጫወታሉ፤ ከናይሮቢ በኢሲዮሎና በማርሳቢት አቋርጦ የመጣው አስፋልት እዚህ ከአዲስ አበባው አውራ ጎዳና ጋር ይጋጠማል፤ በታኅሣሥ 2020ም የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ኬላ መርቀው ከፍተዋል። ከሰሜን ኬንያ በእግር የተነዳ ግመል በኢትዮጵያው ሞያሌ ገበያ ይሸጥና ወደ መኻል አገር፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ዐረብ አገር ይዘልቃል። ሰው ኬላ ሲያልፍ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ግመል ግን ያለፈበትን ሁሉ የሚያሳይ ሌላ መዝገብ በደም ሥሩ ይዞ ይሄዳል።

ይህ መዝገብ ምንድር ነው? ሥነ ፍጥረት ለእንስሳም ለሰውም የሰጠችው አንድ ጥበብ አለ፤ ባዕድ ነገር ወደ ሰውነት በገባ ጊዜ በደም ውስጥ ያሉ ነጭ ኅዋሳት የዚያን ባዕድ መልክ አጥንተው ለእርሱ ብቻ የሚገጥም፣ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚጣበቅ ንጥረ ነገር ይሠራሉ፤ ሐኪሞቻችን ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል፣ የላቦራቶሪ ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ አንቲቦዲ ብለው ያልፉታል። እንግዳው ከተሸነፈና ከወጣ በኋላ እንኳ የመልኩ ትዝታ ይቀራል። የዚህ ትዝታ ዕድሜ ምን ያህል እንደሚረዝም ዓለም የተማረው ማይክሮስኮፕ ቫይረስን ለማየት ከመብቃቱ እጅግ አስቀድሞ ነው፤ በ1846 ፓኑም የተባለ ወጣት የዴንማርክ ሐኪም፣ ኩፍኝ ከገባባቸው ከፋሮ ደሴቶች ሄዶ ቤት ለቤት ሲጠይቅ፣ ከሰባት ሺህ የሚበልጠው የደሴቶቹ ሕዝብ አብዛኛው ታሞ ሳለ፣ ከ65 ዓመት በፊት በ1781 ኩፍኝ ወጥቶላቸው የነበሩ አዛውንቶች አንዳቸውም ዳግመኛ አለመያዛቸውን አስተዋለ። ፓኑም ከማንም ላይ ደም አልቀዳም፤ ነገር ግን የሰው ሰውነት ያለፈውን እንደማይረሳ ከመሰከሩት ጥሩ ጽሑፎች አንዱ የእርሱ ነው ቢባል አልተጋነነም። በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ በበርሊን ያ ትዝታ በደም ውሃ ውስጥ፣ ማለትም በሴረሙ እንደሚገኝ አሳዩ።

ደሙ ተቀድቶ በቱቦ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ቀዩ ይረጋል፤ በላዩም እንደ ቀጭን ጠጅ ያለ ወርቅማ ውሃ ይንሳፈፋል፤ ምስክሩ ያለው በዚያ ውስጥ ነው። በረዶ እስኪሆን ከቀዘቀዘም ለብዙ አሥርተ ዓመታት አይበላሽም፤ እንዲያውም ከ1983 ጀምሮ ከሶማሊያና ከሱዳን ግመሎች ለሌላ ጉዳይ ተቀድቶ በበረዶ የተቀመጠ ደም፣ በ1997 ከግብፅ ከተቀዳው ጋር ተደምሮ በ2014 ሲመረመር፣ ከ189 ግመሎች ከመቶው ሰማንያ አንዱ የመርስን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ተገኘ። የጂዳው በሽተኛ ከመሞቱ 29 ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው። በኬንያም ከ1992 እስከ 2013 ከተሰበሰበው የ774 ግመሎች ደም 29.5 ከመቶው እንዲሁ መሰከረ፤ በኢትዮጵያ በ2010 እና በ2011 የተቀዳው የግመል ደም ደግሞ ከዘጠና ከመቶ በላይ። በሽታው አዲስ ነው ተብሎ ዓለም ሲሸበር፣ የእኛ ግመሎች ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁት ነበር። ሰነድ ያልጻፈውን ታሪክ የግመል ደም ጽፎት ኖሯል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ዘጠና ከመቶ እንምጣ። ጎልቦ በምትገኝበት በማርሳቢት ካውንቲ በ2013 ከ85 ቤተሰቦች የ879 ግመሎች ደም፣ ከ275 ቤተሰቦች ደግሞ ከአምስት ዓመት ሕፃን እስከ ዘጠና ዓመት አዛውንት የ760 ሰዎች ደም ተሰበሰበ። የቀድሞ አባቶቻችን ወንጀል ሲሠራና ሠሪው ሲሰወር አገሩን ሁሉ በአንድ ዋርካ ጥላ ሰብስበው፣ ማንም እንዳይቀር፣ በየተራ እያስማሉ የሚጠይቁበት አፈርሳታ የሚባል ሥርዐት ነበራቸው፤ እንዲህ ያለው የደም ቅኝት የዘመናችን አፈርሳታ ነው፤ ታምሞ ከሐኪም ቤት የመጣውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛ ነኝ የሚለውንም ይጠይቃልና። ከ760ው ሰዎች አንድ አራተኛው፣ 197ቱ፣ ግመል ያልባሉ፣ ያጠጣሉ፣ ያርዳሉ ወይም ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያው መጠየቂያ ኤላይዛ ይባላል፤ በ1971 በስቶክሆልም ኤንግቫልና ፐርልማን፣ በዚያው ጊዜ ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት በኔዘርላንድ ያገኙት ብልሃት ነው። 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሳህን ይቀርባል፤ በየጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የቫይረሱ ቁራጭ ተለጥፎ ይደርቃል፤ የደሙ ውሃ ይጨመርበታል፤ ፀረ እንግዳ አካል ካለ ይጣበቃል፣ ከሌለ ሲታጠብ ይሄዳል። ቀጥሎ በተጣበቀው ላይ የሚጣበቅ፣ ቀለም የሚያወጣ ንጥረ ነገር የተሸከመ ሌላ መልእክተኛ ይላካል፤ በመጨረሻም ጉድጓዱ ቢጫ ቀለም ካወጣ ምስክሩ ተናገረ፣ ውሃ መስሎ ከቀረ ዝም አለ ማለት ነው። ሳህኑን ያየ ሰው ከማሽኑ ንባብ በፊት በዓይኑ ብዙውን ይለያል፤ የማርሳቢት ግመሎች ሳህኖች እንደ አደይ ሜዳ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ከ879ኙ 791ዱ ተናግረዋልና። ያ ነው ዘጠና ከመቶው።

የሰዎቹስ? ከ760ው አሥራ ስምንቱ ጉድጓዶች ቢጫ ሆኑ።

በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ትምህርት በእነዚህ አሥራ ስምንት ጉድጓዶች ላይ ነው። በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ነገር እንደነበር የሸመገለ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ አንድ ብላቴና መድኀኒት ይጠጣና ራሱን ስቶ፣ ወገቡ በመቀነት ታስሮ፣ ጌታው ከኋላው እየያዘው ከደጅ ደጅ ሲንከራተት፣ ከወደቀበት ደጃፍ ያለው ባለቤት ሌባ ይባልና ዕዳውን ይከፍል ነበር። ብላቴናው በእውነተኛው ሌባ ደጅ ወድቆ ያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን በንጹሕ ሰው ደጅ ሲወድቅ ማን ይጠይቀዋል? የሌባሻይ ክፋቱ ሁልጊዜ መሳሳቱ አልነበረም፤ ሁለተኛ ጥያቄ የማይጠየቅበት መሆኑ ነበር። ኤላይዛም ሁለተኛ ጥያቄ ካልተከተለው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በየክረምቱ ጉንፋን የሚያሲዙን የኮሮና ቫይረሶች የመርስ ዘመዶች ናቸውና፣ ለእነርሱ የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል የሥጋ ዘመዱን መልክ ከእርሱ ሳይለይ ሊጣበቅ ይችላል።

ስለዚህ አሥራ ስምንቱ ወደ ሌላ ችሎት ተላኩ። ይህ ሁለተኛው ምርመራ እንደ ኤላይዛ በቀለም አይፈርድም፤ የደሙ ውሃ ከሕያው ቫይረስ ጋር ይደባለቅና በሕያዋን ኅዋሳት ላይ ይፈስሳል። ቫይረሱ ነጻ ከሆነ ኅዋሳቱን እየገደለ እንደ ብል የበላው ጨርቅ ይበሳሳቸዋል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል የዚያ ቫይረስ እውነተኛ ጠላት ከሆነ ግን ያስረዋል፣ ቀዳዳውም ይጠፋል፤ ቀዳዳውን መቍጠር ነው ፍርዱ። ሥራው አደገኛ ስለሆነ ልዩ ጥበቃ ባለው ላቦራቶሪ ብቻ ይደረጋል፤ ቀናት ይፈጃል፤ ውድም ነው። ከአሥራ ስምንቱ አንዱም ቫይረሱን ሊያስር አልቻለም፤ አሥራ ስምንቱም በነጻ ተለቀቁ።

አስተዋይ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ይከራከረኛል፦ ያው ኤላይዛ ስለ ግመሎቹ ሲመሰክር አምነህ፣ ስለ ሰዎቹ ሲመሰክር እንዴት ተጠራጠርህ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከመሣሪያው ይልቅ በቍጥሩ ውስጥ ነው። መሣሪያው መርስን አይተው የማያውቁ መቶ ሰዎችን ሲመረምር በሁለቱ ላይ ይሳሳታል እንበል። ማንም ባልተያዘበት አገር 760 ሰዎችን ብትመረምር አሥራ አምስት ያህል በሐሰት ይከሰሳሉ፤ ከተከሰሱት መካከልም እውነተኛ አንድ ላይኖር ይችላል። ግመሎቹ ግን ከመቶው ዘጠናው ተናገሩ፤ ከመቶ ሁለት የሚሳሳት መሣሪያ ዘጠና ጊዜ ሊሳሳት አይችልም፤ በሶማሊያና በሱዳን ግመሎች ደም ላይም ያ ሁለተኛው፣ ቫይረሱን የሚያስረው ምርመራ ተደርጎ አጽንቶታል። እንግዲህ የአንድ ምስክር ቃል ክብደቱ በአንደበቱ ቅንነት ብቻ አይለካም፤ የመሰከረበት ነገር በአገሩ ምን ያህል የተለመደ ነው የሚለውም አብሮ ይመዘናል። ዝናብ ዘነበ የሚል ሰው በነሐሴ በአዲስ አበባ ወዲያው ይታመናል፤ በጥር በጎልቦ ግን ደጅ ወጥተህ ታያለህ። አንድ የላቦራቶሪ ውጤት በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይህን ያህል ቢነገረው ብዙ የሌሊት እንባ ይቀር ነበር።

በኢትዮጵያ ምድርም ደም የመሰከረበት ታላቅ ጉዳይ አለ፤ ከጎልቦ በስተምዕራብ ራቅ ብሎ፣ በኦሞ ወንዝ ሸለቆና በደቡብ ምዕራቡ ደን ከ1960 እስከ 1962 የወረደው የቢጫ ወባ መቅሠፍት። በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋ ነው፤ መቶ ሺህ ያህል ሰው ታምሞ ሠላሳ ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። መንገድ በሌለበት፣ ሐኪም በማይደርስበት አገር ይህን ማን ቈጠረው? በአዲስ አበባው የፓስተር ተቋም የነበሩት ሴሪዬና ባልደረቦቻቸው ከየመንደሩ የሕያዋንን ደም እየቀዱ፣ ማን እንዳለፈበትና ማን እንዳላለፈበት፣ መቅሠፍቱ የት ድረስ እንደረገጠ ከዚያ አነበቡ። ከእነርሱ በፊት በ1930ዎቹ፣ የሰውን ደም ውሃ ከቫይረሱ ጋር አደባልቆ ለአይጥ በመስጠት አይጧ ብትድን ሰውየው አስቀድሞ አልፎበታል የሚል ብልሃት ተገኝቶ ነበርና፣ በእርሱ ኤንቴቤ ላይ የተቋቋመውን ጣቢያ ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ሕዝብ ተመርምሮ፣ ቢጫ ወባ ታይቶ በማይታወቅበት ስፍራ እንኳ ያለፈበት ሰው ተገኝቷል። ያች አይጥ ስንት የተደበቀ ታሪክ እንዳወጣች ሳስብ፣ ለእርሷም አንድ ሐውልት ቢቆምላት አልቃወምም።

ይሁን እንጂ በዚህ ምርመራ ዛሬ አንድ መሰናክል አለ። በሞያሌ ኬላ የሚታየው ቢጫ የክትባት ካርድ ያለው ሰው፣ በሽታው ያላለፈበት ቢሆንም፣ ደሙ እንደታመመ ሰው ይመሰክራል፤ ክትባቱ የሚሠራው ያንኑ ትዝታ በመትከል ነውና። በ2022 ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ በሚመጣው መንገድ ላይ፣ በኢሲዮሎ፣ ቢጫ ወባ በታየ ጊዜም የላቦራቶሪው ሥራ ከሕመምተኛው «ተከትበሃል?» ከሚለው ተራ ጥያቄ ጋር ተጣምሮ ብቻ ነው ትርጉም ያገኘው።

ምስክሩ «አየሁ» ሲል «መቼ?» ተብሎ ሊጠየቅም ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ተፈጥሮ ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ሰጥታናለች። አይ ጂ ኤም የሚባለው ፈጥኖ የሚደርስ፣ በሽታው በገባ በቀናት ውስጥ ብቅ ብሎ በወራት ውስጥ የሚጠፋ ነው፤ አይ ጂ ጂ የሚባለው ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲቆይ ግን ዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይቆያል። በ2018 ከከባድ ዝናም በኋላ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በዋጂርና በማርሳቢት በተነሣ ጊዜ፣ አርብቶ አደሩ በጎቹ ሲጨነግፉና ሰዎች ደም ሲያስታውኩ ባየበት በዚያ ወራት፣ በየመንደሩ ከሚቀዳው ደም አይ ጂ ኤም ሲገኝ እሳቱ ገና እየነደደ ነው፣ አይ ጂ ጂ ብቻ ሲገኝ ግን አመዱ ነው ማለት ነበር። ይህን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ የታወቀው በ1931 በዚያው በኬንያ፣ በናይቫሻ አጠገብ ባለ የበግ እርባታ መሆኑንም በዚህ አጋጣሚ ላስታውስ።

ለብዙ አንባቢ ግን የሚቀርበው ምሳሌ የኤች አይ ቪ ምርመራ ነው። ጣት ተወግቶ በአንዲት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚነበበው መስመር ቫይረሱን አያሳይም፤ ሰውነት ቫይረሱን እንዳየ ያሳያል። ኤች አይ ቪ በራሱ ከሰውነት ስለማይወጣ «አየሁት» ማለት «አለ» ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ያለፈውና ያለው አንድ ይሆናሉ። ከዚህም ውስጥ የተለየ አለ፤ ከእናቱ ማኅፀን የወጣ ሕፃን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ይወለዳልና፣ እስከ አሥራ ስምንት ወር ድረስ ደሙ ሲናገር የእናቱን ታሪክ እየተናገረ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ለሕፃናት ቫይረሱን በራሱ የሚፈልግ ሌላ ምርመራ የሚታዘዘው። የጉበት ሲ ቫይረስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በመድኀኒት ፈጽሞ የዳነ ሰው እንኳ ደሙ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ መመስከሩን አይተውም። በኮቪድ ዘመንም በአዲስ አበባ በሆስፒታል ሠራተኞች ላይ ደም ሲመረመር፣ በነሐሴ 2020 ከመቶው 10.9 የነበረው በየካቲት 2021 ወደ 53.7 ወጥቶ ነበር።

ወደ ጎልቦው ልጅና ወደ ግልገሉ እንመለስ። የ2013ቱ አፈርሳታ ከሰዎቹ አንዱንም ባለማግኘቱ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነበርን? አልነበረም። ከሚያዝያ 2018 እስከ መጋቢት 2020 ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ያልሞላ 243 ግልገሎችን ተከታተሉ፤ አሁን ግን ያለፈውን ሳይሆን ያለውን ፈለጉ፣ ስለዚህ ከአፍንጫ በጥጥ ንፍጥ ወሰዱ። እነሆም በ2019 አጋማሽ ቫይረሱ ራሱ በ83ቱ ግልገሎች አፍንጫ ተገኘ፤ ከእነርሱም 22ቱ ነጽተው ሳለ ዳግመኛ ተያዙ። የእናት ጥበቃ የሳሳበት፣ የራሱ ገና ያልጸናበት ዕድሜ ነውና በሽታው ከትልልቆቹ ይልቅ ግልገሎቹን ያጠምዳል። ከ262 ግመል ጠባቂዎችም በሦስቱ አፍንጫ ያው ቫይረስ ተገኘ፤ ሦስቱም ሕመም አልተሰማቸውም። ያ ልጅ በክንዱ የጠረጋት ርጥበት ለምን እንደከበደችብኝ አንባቢ አሁን ይረዳልኛል።

እንግዲህ የ2013ቱ ዝምታም ሙሉ ማስረጃ አልነበረም ማለት ነው። መርስን ቀለል ብሎት ያለፈ ሰው ደሙ ደካማ ምስክር ያፈራል፣ አንዳንዴም ምንም አያፈራም፤ ስለዚህ ኤላይዛ በሐሰት የሚከስሰው እንዳለ ሁሉ በሐሰት የሚያሰናብተውም ይኖራል። በአፍሪካ ያለው የመርስ ዘር ከዐረቢያው በጥቂት ይለያል፤ ወደ ሰው ለመሻገርም ከዚያኛው የሰነፈ ይመስላል። ይህ መጽናኛ ነው፤ ለመዘናጋት ግን አይበቃም።

ይህን ሁሉ ሳስረዳ ፀሐይ ወጥታ ግመሎቹ ወደ ግጦሽ ተሰማርተው ነበር። ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ እያንቀረቀቡ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ደሙም አልዋሸም፣ ሰዎቹም አልዋሹም» አሉ። «ሬዲዮው ‹ነበረበት› ማለት ሲገባው ‹አለበት› አለ። በአማርኛችሁ ይህን ያህል የሚራራቅ ነገር በአንዲት ቃል ትቀያይራላችሁ እንዴ?» ሳቅሁ፤ የቋንቋዬን ጉድለት ከሌላ ቋንቋ ተናጋሪ መስማቴ ቢያሳፍረኝም፣ ከብዙ ዘገባ ይልቅ እርሳቸው ነገሩን አግኝተውታል።

የቀረበልኝን ወተት ግን አልጠጣሁትም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያልፈላ የግመል ወተት እንዳይጠጣ፣ ግመል የነካ እጅም እንዲታጠብ ይመክራልና፣ የባለቤቱን ክብር ሳልነካ ይህን እንዴት ልበል እያልሁ ስጨነቅ ሽማግሌው ራሳቸው ገብቷቸው፣ ጎርፋውን ከእጄ ተቀብለው በሻይ ማንቈርቈሪያ ውስጥ ገለበጡት፤ ሲፈላም ስኳር ጨምረው በብርጭቆ ሰጡኝ፤ ለልጃቸውም ከዚያው ቀዱለት፤ ከዚያ በፊት ግን በጄሪካን ውሃ እጁንና ፊቱን እንዲታጠብ አዘዙት። ግመል የምታልቡ ወገኖቼ፣ ከድንበሩ በወዲህም በወዲያም ያላችሁ፣ እባካችሁ እንዲሁ አድርጉ፤ በተለይ ግልገል ይዛችሁ ስትነሡ። እርሳቸው ግን የራሳቸውን ድርሻ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ጥሬውን ጠጡት።